«ጋሼ፣ ለምን ሸጡት?» የቤዝቦል ቡድኖች የእረፍት ወራት ግብይት እንዴት ነው የሚሠራው?

የእህቴ ልጅ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ኦገስት 2 ቀን 2022 ከሰዓት በኋላ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ጀርባው ላይ 22 ቁጥር ያለበትን ቀይ ማሊያ እንደለበሰ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሟል። የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ኮከቡን ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ አሳልፎ መስጠቱን የሚናገረው ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ ደጋግሞ ያልፋል። ልጁ የማሊያውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ ለምን ሸጡት?» አለኝ። እኔም «የገንዘብ ነገር ነው» ብዬ አለፍኩት።

ያ መልስ እስከዛሬ ይከነክነኛል። ገንዘቡ የታሪኩ ግማሽ እንኳ አይደለም። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በሶቶ ምትክ ከመጡት ወጣቶች አንዱ የነበረው ኳስ ወርዋሪው ማኬንዚ ጎር፣ እሱም በተራው ለቴክሳስ ሬንጀርስ ተሰጠና በምትኩ አምስት ታዳጊዎች መጡ። ልጁ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ስልክ ደውሎ «ለሶቶ የመጣውንም ሰጡት እንዴ?» ሲለኝ በዚህ ጊዜ ቁጭ ብዬ ላስረዳው ቃል ገባሁ። በዚህ አካባቢ ልጆቻቸው የናሽናልስ ማሊያ የሚለብሱ፣ ራሳቸው ግን ከእግር ኳስ ጋር ያደጉ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ ያስረዳሁትን እዚህም አስፍሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የእረፍት ወራት የሚባለው መቼ ነው? ምንስ ይደረግበታል?

ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ ይጫወታል። ከዚያ የጥሎ ማለፉ ፍልሚያ ይቀጥልና የመጨረሻው ግጥሚያ፣ ወርልድ ሲሪስ የሚባለው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር መጀመሪያ ያበቃል። ከዚያ ጀምሮ ወርዋሪዎች በፌብሩዋሪ አጋማሽ ለልምምድ እስኪሰበሰቡ ድረስ ሜዳው ዝግ ነው። ቡድኑ የሚሠራው ግን በእነዚህ ወራት ነው። ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ይፈርማሉ፣ ቡድኖች ተጫዋች ይለዋወጣሉ፣ ደሞዝ ይተመናል፣ ከታዳጊዎቹ ውስጥ ማን እንደሚያድግና ማን እንደሚቀር ይወሰናል።

የእግር ኳስ የዝውውር መስኮትን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሁለት ነገር ግር ይለዋል። አንደኛ፣ በእግር ኳስ አንዱ ክለብ ለሌላው የዝውውር ክፍያ ከፍሎ ተጫዋች ይወስዳል። በቤዝቦል በቡድኖች መካከል የሚያልፈው በዋናነት ሰው ነው፤ ተጫዋች ሰጥተህ ተጫዋች ትቀበላለህ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ሸጡት» ያለው ነገር በትክክለኛ ስሙ ልውውጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። የእግር ኳስ ተጫዋች ካልተስማማ አይዛወርም፤ የቤዝቦል ተጫዋች ግን በአብዛኛው አይጠየቅም። ማታ ስልክ ይደወልለታል፣ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ይሳፈራል። እምቢ ማለት የሚችለው ውሉ ውስጥ መብቱን አስገብቶ ከሆነ፣ ወይም በሜጀር ሊግ አሥር ዓመት አገልግሎ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ቡድን ካሳለፈ ነው።

የሶቶ ልውውጥ የተፈጸመው በእረፍት ወራት ሳይሆን በውድድሩ አጋማሽ፣ የልውውጥ በር በሚዘጋበት ዕለት ነበር። ስሌቱ ግን አንድ ነው፤ ስሌቱን የተረዳ ሰው የእረፍት ወራቱን ዜና ሁሉ ያነባል።

ተጫዋቹ ለምን አይጠየቅም?

አገር ቤት ሐኪም የነበረ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። መንግሥት አስተምሮህ ትመረቃለህ፤ ከዚያ በተመደብክበት ቦታ ግዴታህን የምታገለግልበት ዓመት አለ። ያን ሳትጨርስ መልቀቂያ አታገኝም። በቤዝቦልም አንድ ወጣት ሜጀር ሊግ ከገባ በኋላ ስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላው ድረስ መብቱ የቡድኑ ነው። ቡድኑ ያጫውተዋል፣ ለሌላ ያስተላልፈዋል፣ ወደ ታችኛው ሊግም ሊመልሰው ይችላል። ስድስቱን ሲሞላ መልቀቂያውን እንዳገኘ ሐኪም ለሚፈልገው ቡድን በሚፈልገው ዋጋ ይፈርማል። ይህ ነው ፍሪ ኤጀንት የሚባለው፤ በአማርኛ ነፃ ተጫዋች ብለው ያስኬዳል።

ስድስቱ ዓመታት እንዴት እንደሚቆጠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የውድድር ወቅቱ ወደ 187 ቀናት ገደማ ነው፤ ተጫዋቹ ከእነዚህ ውስጥ 172ቱን በሜጀር ሊግ ዝርዝር ላይ ከዋለ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል። አንድ ቀን ቢጎድል ግን አይቆጠርም። በ2015 የቺካጎው ከብስ ክሪስ ብራያንት የሚባለውን ድንቅ ወጣት ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ጥቂት ቀናት ታችኛው ሊግ አቆይቶ አመጣው። ወቅቱ ሲያልቅ ተቆጠረ፤ 171 ቀን ሆነ። በአንዲት ቀን ምክንያት ነፃነቱ በአንድ ዓመት ተገፋ። ተጫዋቹ አቤቱታ አቀረበ፣ በ2020 ተፈረደበት። ቡድኑ ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ ያን ያህል ክፍተት ነበረው። እኔ ግን ያቺን አንድ ቀን ባሰብኩ ቁጥር የአንድ ወጣት ዓመት እንደዚያ መቆረጡ ያመኛል።

ይህ ስድስት ዓመት ከየት መጣ?

ታሪኩ ከዚችው ከዋሽንግተን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ድሮ ስድስት ዓመት የሚባል ነገር አልነበረም፤ እስራቱ የዕድሜ ልክ ነበር። ውሉ ውስጥ ባለ አንድ አንቀጽ ምክንያት ቡድኑ እስካልለቀቀው ድረስ ተጫዋቹ የዚያው ቡድን ንብረት ሆኖ ይቀር ነበር። በ1969 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ኮከብ የነበረው ከርት ፍለድ ለፊላዴልፊያ መሰጠቱን ሲሰማ አልሄድም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት በኖረበት ከተማ ቤትና ሥራ ነበረው፤ ሰው ነኝ እንጂ ዕቃ አይደለሁም ብሎ ክስ መሠረተ። የ1970ን ውድድር ሙሉ ሳይጫወት ዋለ። በ1971 በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ቡድን የነበረው ሴናተርስ አስፈረመው፤ 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ለሁልጊዜው ተወው። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት። በዚያው ዓመት ሴናተርስም ዋሽንግተንን ለቆ ቴክሳስ ገባና ሬንጀርስ ተባለ። አዎ፣ አሁን ማኬንዚ ጎርን የወሰደው ያው ሬንጀርስ ነው። ዋሽንግተን ከዚያ በኋላ እስከ 2005 ድረስ የሜጀር ሊግ ቡድን አልነበራትም።

ፍለድ ተሸነፈ፣ ግን በሩ ተነቃንቆ ነበር። በ1975 መጨረሻ ሁለት ወርዋሪዎች፣ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ፣ ያለ ፊርማ አንድ ዓመት ስለቆየን ነፃ ነን ብለው በግልግል ዳኛ ፊት ቀረቡና ረቱ። ማክናሊ የሞንትሪያል ኤክስፖስ ተጫዋች ነበር፤ ኤክስፖስ ደግሞ በ2005 ወደ ዋሽንግተን መጥቶ ናሽናልስ የሆነው ቡድን ነው።

እዚህ ላይ የተጫዋቾች ማኅበር መሪው ማርቪን ሚለር ያደረገው ነገር እስከዛሬ ይደንቀኛል። ሁሉም ተጫዋች በየዓመቱ ነፃ ይሁን ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ጤፍ በመኸር ወቅት ሁሉም ገበሬ በአንድ ቀን ገበያ ይዞት ሲወጣ ዋጋው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ገበያ ቢወጡ ዋጋቸው ይረክሳል። ጥቂቶች ብቻ ቢወጡ ግን ቡድኖቹ ይሻሙባቸዋል። ስለዚህ ሚለር በ1976ቱ ስምምነት ላይ ስድስት ዓመትን ተቀበለ። ዛሬ በዜና የምንሰማቸው የመቶ ሚሊዮን ዶላር ውሎች መነሻቸው ይህ ውሳኔ ነው።

በስድስቱ ዓመታት ውስጥ ደሞዙን ማን ይወስናል?

መጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ ተጫዋቹ የሚከፈለው ቡድኑ የሚሰጠውን ነው፤ ብዙዎቹም የሚያገኙት ዝቅተኛውን ደሞዝ ነው። በ2025 ይህ 760,000 ዶላር ነበር። ለእኛ ብዙ ነው። ለቡድኑ ግን በ30 ሚሊዮን የሚገዛውን ጉልበት በዚያ ዋጋ ማግኘት ነው።

ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ደሞዙ በግልግል ይወሰናል። የእኛ ሽማግሌ አንዱ አሥር ሌላው ስድስት ካለ «በሉ ስምንት ይሁን፣ ተቃቀፉ» ይላል። የቤዝቦል ሽማግሌ መሐል ላይ መቁረጥ አይፈቀድለትም። ተጫዋቹ አንድ ቁጥር ያቀርባል፣ ቡድኑ አንድ ቁጥር ያቀርባል፤ ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን እንዳለ ይመርጣሉ። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ የሚሠራው ሥራ ግን የሚያስታርቅ ነው። የተጋነነ ቁጥር የጠራ ወገን ይሸነፋልና ሁለቱም ወደ እውነተኛው ዋጋ ይጠጋሉ፤ አብዛኛውም ጉዳይ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ያልቃል።

ሶቶ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወልዶ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የፈረመ፣ በ2018 በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሜጀር ሊግ የገባ ልጅ ነው። ቶሎ ስለገባ አራት ጊዜ በዚህ የግልግል ደረጃ አልፏል፤ በ2021 8.5 ሚሊዮን፣ በ2022 17.1 ሚሊዮን፣ በ2023 23 ሚሊዮን፣ በ2024 31 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ ነፃ ወጣና በዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በዓመት 51 ሚሊዮን ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ታዲያ ለምን ይሰጣል?

ለልጁ ያኔ ልነግረው ይገባ የነበረው ይህ ነው። በቤዝቦል ልውውጥ የሚገዛውና የሚሸጠው የቀረው ዓመት ነው።

በጎረቤትህ ግጦሽ ላይ የምትውል አንዲት ላም አለችህ እንበል። ወተቷ ሰፈሩን ያጠግባል። ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ላሟ በፈቃዷ ወደሚሻላት ሜዳ ትሄዳለች፣ አንተም ባዶ ገመድ ይዘህ ትቀራለህ። ዛሬ ብትሰጣት ግን አምስት ጊደር የሚሰጥህ ሰው አለ። ጊደሮቹ ነገ አይታለቡም። አንዳንዶቹም ጭራሽ ላይወልዱ ይችላሉ።

ናሽናልስ ባዶ ገመድ ይዞ መቅረትን ያውቀዋል። በቡድኑ ያደገው ብራይስ ሃርፐር ስድስት ዓመቱን ጨርሶ በ2019 መጀመሪያ ለፊላዴልፊያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ሲፈርም፣ ዋሽንግተን በምትኩ ያገኘችው በዓመታዊው የወጣቶች ምርጫ፣ በድራፍቱ፣ ላይ አንድ ተጨማሪ ተራ ብቻ ነበር። በሶቶ ጊዜ ቡድኑ መጀመሪያ ሊያስቀረው ሞከረ፤ በ2022 ክረምት ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለት እምቢ ማለቱ በሰፊው ተዘግቧል። ያኔ ብዙ ደጋፊ «ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኘውን ያየ ሰው ግን ልጁ የራሱን ዋጋ ከሁላችንም አብልጦ ያውቅ እንደነበር ይመሰክራል።

እምቢታው ከመጣ በኋላ የቀረው ጥያቄ መቼ የሚለው ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የቀረው ሶቶ፣ ከቡድን ጓደኛው ከጆሽ ቤል ጋር ተደርቦ፣ ለዋሽንግተን ማኬንዚ ጎርን፣ ሲ ጄ ኤብራምስን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ሃርሊን ሱሳናንና ሉክ ቮይትን አመጣ። በዲሴምበር 2023 ሳን ዲዬጎ ያንኑ ሶቶ አንድ ዓመት ሲቀረው ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሰጠው፤ ያመጣለት አራት ወርዋሪና አንድ ካቸር (የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ነበር፣ ያንንም ያገኘው ከሶቶ ጋር ሌላ ተጫዋች ጨምሮ ሰጥቶ ነው። ሶቶ ያው ሶቶ ነው፣ ምናልባትም የተሻለ። ያነሰው ዓመቱ ነው፤ የሚያመጣውም ከዓመቱ ጋር አነሰ።

የፈረመ ተጫዋች ቢጎዳስ?

ይከፈለዋል። የቤዝቦል ውል እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የተረጋገጠ ነው።

2019ን የማያስታውስ የዋሽንግተን ደጋፊ የለም። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ነበር፤ በኦክቶበር ግን ሂዩስተን አስትሮስን በሂዩስተን ሜዳ አራት ጊዜ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። የመጨረሻዋን ኳስ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፤ የቤዝቦል ሕግ የማያውቁ የታክሲ ሾፌሮች ሳይቀሩ ተቃቅፈው ይዘሉ ነበር። የዚያ ወርልድ ሲሪስ ኮከብ ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለሰባት ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያው ሳምንት ሌላው ምሰሶ አንተኒ ሬንዶን በተመሳሳይ ዋጋ ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ሄደ።

ስትራስበርግ ከዚያ ፊርማ በኋላ የጀመረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ከአንገቱ ወደ ትከሻው የሚወርደው ነርቭ ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ ሞከረ፣ አልሆነም፤ በ2024 መሰናበቱ ተመዘገበ። ውሉን ያስፈረመው ሰው ተሳሳተ ማለት ይከብደኛል፤ ዋንጫ ያመጣልንን ሰው ማን ሂድ ይለዋል? ግን የዚያ ውል ክብደት ከዚያ በኋላ በመጣው እያንዳንዱ የእረፍት ወቅት ላይ ተጭኖ ነበር።

700 ሚሊዮን ዶላር እውነት ይከፈላል?

ይከፈላል፣ መቼ የሚለው ነው ዋናው። በዲሴምበር 2023 ሾሄ ኦታኒ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለአሥር ዓመት በ700 ሚሊዮን ሲፈርም ከዚያ ውስጥ 680 ሚሊዮኑን በኋላ ልቀበል አለ። እየተጫወተ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ያገኛል፤ የቀረውን ከ2034 እስከ 2043 በየዓመቱ 68 ሚሊዮን ይወስዳል። ይህ ዱቤ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ መቶ ብር ገዝተን እንገባ የነበረውን ዛሬ በስንት እንደምንገዛው የሚያውቅ ሰው፣ የነገ ዶላር ከዛሬ ዶላር እንደሚያንስ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህ በሊጉ ስሌት የኦታኒ ውል በዓመት 70 ሳይሆን 46 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ነው የሚያዘው።

የዱቤ ውል አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ2001 ጫማውን የሰቀለው ቦቢ ቦኒላ ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን ከሜትስ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይቀበላል። ቡድኑ ይፈለግበት የነበረውን የ5.9 ሚሊዮን ዕዳ በ8 ከመቶ ወለድ አራዝሞት ነው እዚያ የደረሰው። ናሽናልስም በ2015 ማክስ ሸርዘርን በ210 ሚሊዮን ሲያስፈርም ግማሹን አስተላልፏል፤ ከ2022 እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን። ሸርዘር በ2021 ለዶጀርስ ተሰጥቷል፣ በ2023 ከሬንጀርስ ጋር ዋንጫ በልቷል፣ ዋሽንግተን ግን ዛሬም ትከፍለዋለች። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኪሳራ ያወራዋል። እኔ አልስማማም። ሸርዘር እዚህ በነበረበት ጊዜ ሁለት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሏል፣ ዋንጫም አምጥቷል። የበላነውን እየከፈልን ነው።

ሀብታም ቡድን የፈለገውን ሁሉ መግዛት ይችላል?

ከቅርጫት ኳሱና ከአሜሪካ ፉትቦሉ በተለየ ቤዝቦል የደሞዝ ጣሪያ የለውም። ያለው የቅንጦት ታክስ የሚባል ነው። የቡድኑ ጠቅላላ ደሞዝ ከተቀመጠው ልክ ሲያልፍ፣ በ2026 ይህ 244 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ካለፈው ላይ ታክስ ይከፈላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈ 20 ከመቶ፣ በተከታታይ ለሁለተኛ ጊዜ 30፣ ለሦስተኛ ጊዜ 50 ከመቶ። በጣም ያለፈ ደግሞ ተጨማሪ ይጫንበታል። ስለዚህ መልሱ አዎ ነው፣ ዋጋውን እስከቻለ ድረስ። ዶጀርስ እየከፈለ በ2024ና በ2025 በተከታታይ ዋንጫ ወስዷል።

ታዲያ የሶቶ ልውውጥ ለዋሽንግተን ጥሩ ነበር?

ከመጡት ወጣቶች ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ለአንድ ሰው ሦስት ኮከብ ማግኘት ብርቅ ነው። ዉድ ደግሞ ሮክቪል የተወለደ፣ እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያደገ ልጅ ነው፤ በ2025 31 ሆም ረን (ኳሱን ከአጥሩ ውጭ የሚያሻግር ምት) መትቷል። ልውውጡን ብቻ ነጥሎ ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ቡድኑ ግን አላሸነፈም። 2022ን በ55 ድልና 107 ሽንፈት ጨረሰ፤ በ2023ና በ2024 ሁለቱንም ጊዜ 71 ድል፣ በ2025 66 ድል። በጁላይ 2025 የ2019ን ቡድን የገነባው ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ፤ ግንባታው ለአዲሱ ኃላፊ ለፖል ቶቦኒ ተሰጠ።

እንደ ደጋፊ የማምነውን ልናገር። ጊደር መቀበል የሥራው ግማሽ ነው። ጊደሮቹ መታለብ ሲጀምሩ አጠገባቸው የሚያቆሙትን የበሰለ ተጫዋች ከገበያ መግዛት ያስፈልጋል፤ በ2015 ሸርዘር፣ በ2018 መጨረሻ ፓትሪክ ኮርቢን እንደተገዙት። ከ2022 ወዲህ ባሉት የእረፍት ወራት ግን ዋሽንግተን ያስፈረመቻቸው በአብዛኛው የአንድና የሁለት ዓመት ውሎች ነበሩ። የዉድና የጎር ርካሽ ዓመታት እየተቆጠሩ አለፉ፣ አጠገባቸው የቆመ አልነበረም። የሚያሳዝነኝ የሶቶ መሄድ ሳይሆን ይህ ነው።

የጎር ልውውጥም ከዚህ የተነሳ ነው። ጎር ነፃ ለመውጣት የቀሩት ሁለት ውድድሮች ነበሩ፣ 2026ና 2027። አዲሱ ኃላፊ ቡድኑ እስከዚያ ለዋንጫ እንደማይደርስ ካመነ፣ እነዚያ ሁለት ዓመታት ለዋሽንግተን ከሚሰጡት ይልቅ አሁን ለመወዳደር ለሚፈልገው ሬንጀርስ የሚሰጡት ይበልጣል። በምትኩ የመጡት አምስት ወጣቶች እያንዳንዳቸው ስድስት ዓመታቸው ገና አልተነካም። ወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ሰጥቶ ሠላሳ ዓመት መቀበል ነው። ሜዳ ላይ ግን አብዛኛው ታዳጊ ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ይቀራል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ቢደርሱ መልካም ነው። ስሌቱ ይገባኛል። ግን ያው ጊደር ለጊደር እየተለወጠ ወተቱ መቼ ይጠጣል ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ መልስ ይገባዋል፤ መልሱም የሚታየው ገበያው ላይ በሚወጣው ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ምን ይጠበቃል?

በባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ያለው የጋራ ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ስድስቱ ዓመት፣ ግልግሉ፣ ታክሱ፣ ሁሉም እዚያ ስምምነት ላይ የተጻፉ ናቸው። ያለፈው ስምምነት ሲያበቃ ባለቤቶቹ በር ዘግተው ከዲሴምበር 2021 እስከ ማርች 2022 ለ99 ቀናት አንድም የሜጀር ሊግ ውል አልተፈረመም። በ1994 ደግሞ በደሞዝ ጣሪያ ጉዳይ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ወርልድ ሲሪስ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀርቷል። ውድድሩ በተቋረጠበት ቀን ከሁሉም የተሻለ ውጤት የነበረው ቡድን ሞንትሪያል ኤክስፖስ ነበር፣ 74 ድል በ40 ሽንፈት። ያን ቡድን በማግስቱ ዓመት በተኑት፤ ሞንትሪያልም ከዚያ በኋላ አላገገመችም፣ ቡድኑም በመጨረሻ እዚህ መጣ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ የነገርኩት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀት አምጥቶ ስም ይጽፍና ከጎኑ ዓመት ያሰፍራል። ዉድ ጋ ሲደርስ ቆመ። በጁላይ 2024 ስለገባ የዚያ ዓመት ቀናት 172 እንደማይሞሉ እሱ ራሱ በጣቱ ቆጠረ። ስለዚህ ውሉን ካላራዘመ ነፃ የሚወጣው ከ2030 ውድድር በኋላ ነው። 2030 ብሎ ጻፈና አከበበው።

«ያኔ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው» አለ። «ጋሼ፣ የዉድን ማሊያ ግዛልኝ። አሁን።»